አራጁ የሚገድላቸውን ማን መረጠለት?

"ፍሪኪ" የሚባለውን ፊልም ወድጄዋለሁ፣ ይሄ ከወዲሁ ይያዝልኝ። ሆረር ኮሜዲ የተባለ ነገር አብዛኛው ወይ አያስቅም ወይ አያስፈራም፣ ይሄኛው ቢያንስ በደንብ ያስቃል። ቅሬታዬ ሌላ ነው።

ላላያችሁት፦ ሚሊ የምትባል አባቷ የሞተባት ዓይናፋር የሃይስኩል ተማሪ አለች፣ የትምህርት ቤቱ ቡድን ሲጫወት የቢቨር ልብስ ለብሳ የምትጨፍረው እሷ ናት፣ ብሊስፊልድ የሚባለውን ከተማ የሚያሸብር ማስክ ያጠለቀ አራጅ ደሞ አለ፣ እና ይሄ ሰውዬ በሰረቀው ጥንታዊ ጩቤ ትከሻዋን ሲወጋት ሲነጋ እሷ በሱ ሰውነት እሱ በሷ ሰውነት ውስጥ ይነቃሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ በዛው ጩቤ መልሳ ካልወጋችው እንደዛው ቀሩ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ላንደን ነው፣ አሜሪካ የወጣው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 13 ቀን 2020፣ አርብ ቀን፣ ሆን ተብሎ፣ አርብና 13 ሲገጥሙ ፈረንጆቹ ገደ ቢስ ቀን ነው ይላሉና።

ፊልሙን የተሸከመው አራጁን የሚጫወተው ቪንስ ቮን ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰውዬ የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ሲሮጥ፣ ጓደኞቿ ናይላና ጆሽ ደሞ ገዳዩ መጣ ብለው ባገኙት ዕቃ ሲቀጠቅጡት፣ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ግን ሴት መሆንን አያሾፍበትም፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እናትየው የምትሠራበት ልብስ ቤት ውስጥ ልጅቷ በሰውዬው ሰውነት መለኪያ ክፍል ገብታ ትደበቃለች፣ እናት ማን እንደሆነ ሳታውቅ በበሩ በኩል ከማታውቀው ወንድ ጋር እያወራሁ ነው ብላ የሆዷን ታወጣለች። ደም በሚረጭበት ፊልም መሃል እንደዚህ አይነት ሲን ማን ይጠብቃል? (በትርጉም እንዳታዩት ግን፣ ግማሹ ጨዋታ ያለው ቮን ድምፁን በሚያወጣበት አኳኋን ላይ ነው።)

ሚሊን የምትጫወተው ካትሪን ኒውተንም ቀላል አይደለችም፣ ቀይ ጃኬት ለብሳ ሊፕስቲኳን ተቀብታ ትምህርት ቤት ስትገባ ያንን ባዶ የአራጅ አይን ይዛ ነው የምትገባው። ምርጡ ሐሳብ ደሞ አራጁ አዲሱ ሰውነቱ ጉልበት እንደሌለው የሚያውቅበት ነው። የእንጨት ሥራ አስተማሪው ሚሊን ክፍል ውስጥ ሲያዋርዳት የኖረ ሰው ነው፣ አራጁ ሊገድለው ሲሞክር ግን እንደ ልማዱ አንስቶ መወርወር አይችልም፣ እንደውም እሱ ራሱ ግድግዳና ጠረጴዛ ላይ ይላተማል፣ በመጨረሻ በኤሌክትሪክ መጋዝ ነው የሚገላገለው።

እና እኛ ምን እናደርጋለን? ደስ ይለናል። ችግሬ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። አስተማሪው ክፉ ነው፣ ሚሊ ላይ ስታሾፍ የኖረችው ልጅም ክፉ ናት፣ እሷ ገላ በሚያቀዘቅዝ ማሽን ውስጥ ተቆልፋ ደርቃ ነው የምትሞተው፣ ሊደፍሯት ያሰቡት ልጆችም ክፉዎች ናቸው። አራጁ ልጅቷ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚገላቸው በሙሉ "ይበላቸው" የሚባሉ ናቸው በቃ። ሚሊ እጇ ሳይቆሽሽ ደመኞቿ አለቁላት! ማንን እንደሚገድል ግድ የሌለው ሰውዬ ድንገት ለልጅቷ ተበቃይ የሆነው በምን ሂሳብ ነው? ስክሪፕቱ ነዋ የመረጠለት።

የሚያናድደው ደሞ ፊልሙ ጥያቄውን ራሱ ያነሳዋል እኮ። ሚሊ መኪና ውስጥ ለምትወደው ልጅ በዛ ግዙፍ ሰውነት ውስጥ ጠንካራ ሆኖ መሰማት ደስ እንዳላት ትነግረዋለች፣ ሁሌ ሲያሾፉባት ለኖረች ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ወዲያው መሳሳም መጣና ተዘለለ። ናይላና ጆሽም እንደዛው፣ ሲሮጡ ጆሽ እሷ ጥቁር እሱ ጌይ ስለሆኑ አለቀልን ብሎ ይጮሃል፣ በድሮ ስላሸር (አራጅ ሰዎችን አንድ በአንድ የሚጨርስበት ፊልም) ቀድመው የሚሞቱት እንደነሱ አይነቶቹ ናቸውና፣ ቀልዱ ይሠራል፣ ግን ከዛ በኋላ ማንም እንደማይነካቸው ስለምናውቅ ለነሱ መስጋት እናቆማለን።

መጨረሻውን ያላያችሁ ይቺን ዝለሉ። ወደየሰውነታቸው ከተመለሱ በኋላ አራጁ ቤቷ ድረስ ይመጣል፣ እናትና እህቷ አሉ፣ ሚሊ በራሷ ትንሽ ሰውነት ነው የምትገጥመው። እዚህ ጋ ፈራሁ፣ ምክንያቱም እነዛ ሦስት ሴቶች እንዲሞቱብኝ አልፈልግም ነበር። ከአስተማሪውና ማሽኑ ውስጥ ከሞተችው ልጅ መሃል አንድ እንደነሱ አይነት ሰው፣ ማንንም ያልበደለ፣ በሚሊ እጅ ቢሞት ኖሮ ግን ልጅቷ ወደ ሰውነቷ ስትመለስ ያንን እጅ እንዴት እንደምታየው ማየት እፈልግ ነበር።