በረኪናው ስንት ይሁን?
ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ዝግጅት የተጻፈው ምክር ጠቃሚ ነው። ነገር ግን «የሦስት ቀን ውሃ አስቀምጡ፣ በረኪና ጨምሩበት» ብሎ ማለፉ ያሳስበኛል። መጠኑ ካልተነገረ ሰው በክዳን እየለካ ይገለብጣል። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ስለ ሕንፃ ብዙ ይወራል፤ የውሃ መስመር ሲሰበርስ?

ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። አምስት ሰው ላለበት ቤት ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው። ዘይት ወይም ላምባ የነበረበት ጄሪካን አይሆንም፤ ፕላስቲኩ የመጠጠው በእጥበት አይለቅም።

መዓዛ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ፣ ለአንድ ጄሪካን 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገዝታችሁ ለኩ፤ 40 ጠብታ መቁጠር ያሳስታል። የደፈረሰ ውሃ እስኪጠል ጠብቁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፣ ከዚያ ለአንድ ጄሪካን 4 ሚሊ ሊትር አድርጉ፤ ቆሻሻው ክሎሪኑን ይጨርሰዋልና። ከ30 ደቂቃ በኋላ አሽትቱት። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ከሌለው ያንኑ መጠን አንዴ ድገሙና 15 ደቂቃ ጠብቁ።

ሽታው ካልመጣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የበረኪናው ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ያደክሙታል። ዓመት ያለፈውን ለልብስ ተዉት። ማገዶ ካለ ማፍላት ይሻላል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ነዳጅ የገባበትን ውሃ ግን በረኪናም እሳትም አያድነውም፤ ድፉት።