ውሻውም ኮሶ ይዞታል

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ተቀምጠን አንድ ጓደኛዬ ስልኩን አቀበለኝ። ቪዲዮ ነው። ጥቁርና ነጭ ውሻ ሆዱን መሬት ለመሬት እየሳበ መንጋ ይጠጋል። አይጮኽም፣ አይነክስም። ዝም ብሎ ያፈጣል። በጎቹ እንደ ጎርፍ ተጥመዝምዘው በጠባብ በር ገቡ። ባለቤቱ ሩቅ ቆሞ ያፏጫል።

"ይሄን ለጋምቦ ብናስገባው እኮ እረኛ የሚባል ነገር ይቀራል!" አለኝ።

እኔ እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ወረዳ ነው ያደግኩት። እረኛም ነበርኩ። በጉጉፍቱ ብርድ ባና ተከናንቦ በግ የጠበቀ ሰው ይሄን ቪዲዮ አይቶ አለመቅናት አይችልም። ቀናሁ። ግን አልተስማማሁም።

ውሻው ቦርደር ኮሊ ይባላል። ስሙ የመጣው ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ድንበር ነው። በዌልስ፣ ባላ በምትባል ከተማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 የእረኛ ውሾች ውድድር ተካሂዷል። ከዚያ ወዲህ እንኳ ስንት ትውልድ እየተመረጠ እንደተዳቀለ አስቡት። ደግሞ እዚያ አገር ተኩላ ከጠፋ ቆይቷል። ጅብ የለም። ስለዚህ የውሻው ሥራ በግ መንዳት ብቻ ነው። እኛ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መንዳቱ የልጅ ሥራ ነው። ውሻ የሚፈለገው ማታ ነው፤ ጅብ ወደ ጉረኖው ሲጠጋ ቤቱን በጩኸት እንዲቀሰቅስ። ይሄን የእኛ ውሻ ማንም ሳያስተምረው ይሠራዋል።

ከውጭ ትምህርት ይወሰድ ከተባለ ለእኛ የሚቀርበው የናሚቢያው ነው። እዚያ አቦሸማኔ ፍየልና በግ እየበላ ሲያስቸግር፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1994 ጀምሮ የቱርክ ዝርያ ጠባቂ ውሾች ለአርቢዎች ይሰጣሉ። ቡችላው ከግልገሎቹ ጋር ያድጋል። መንጋውን እንደ ቤተሰቡ ይቆጥራል። ይሄን ዘዴ በራሳችን ቡችላ መሞከር የሚከለክለን የለም።

የኔ ነገር ግን ከዝርያ ጋር አይደለም። ከአዙሪት ጋር ነው።

በግ ያረባ ሰው አዙሪትን ያውቃታል። ደህና የነበረች የዓመት በግ ከመንጋው ወደ ኋላ መቅረት ትጀምራለች። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ከዚያ መዞር ነው። ባለችበት ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከድንጋይ ጋር ትጋጫለች፣ ገደል ትገባለች። እኛ ቤት አንድ ክረምት ሦስት ዞሩብን። አባቴ "ሳትከሳ እንረዳት" ይል ነበር። ትታረዳለች። ጭንቅላቷ ሲፈለጥ ውስጡ ውኃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ይገኛል። ፊኛው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ።

ጭንቅላቱን ለውሻው የምወረውረው እኔ ነበርኩ። መቻል ይባል ነበር ውሻችን። ደስ ብሎት ይዞ ይሄድ ነበር።

እነዚያ ነጫጭ ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው የትል ራስ ናቸው። አንዱ ፊኛ ላይ መቶና ከዚያ በላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ውሻው ሲበላቸው አንጀቱ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ ረጅም የኮሶ ትል ይሆናሉ። በአንድ ወር ተኩል ገደማ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ውሻው ደግሞ የትም ነው የሚጸዳዳው፤ ሜዳው ላይ፣ ምንጩ ዳር፣ ጉረኖው በር ላይ። በጓ ሣሩን ስትግጥ እንቁላሉን ትውጠዋለች። ከዚያ ከእንቁላሉ የተፈለፈለው እጭ በደሟ አድርጎ አንጎሏ ይገባል። ከወራት በኋላ ትዞራለች። ትታረዳለች። ጭንቅላቷ ለመቻል።

አያችሁት? የምትዞረው በጓ ብቻ አይደለችም። እኛም ዓመት እስከ ዓመት አብረን ስንዞር ኖረናል። ሰው ቡዳ ነው ይላል፣ ሌላው ክፉ ሣር በልታ ነው ይላል። ውሻውን የጠረጠረ አላየሁም።

የሚገርመኝ እኛ የኮሶ አገር ሰዎች መሆናችን ነው። ጥሬ ሥጋ እንበላለን፣ ኮሶ ይይዘናል፣ አባቶቻችን ኮሶ ጠጡ፣ እኛ ኪኒን እንውጣለን። በጉም ቢሆን የሆድ ትል መድኃኒት በዓመት አንዴም ቢሆን ይጋታል። ውሻው ብቻ ቀረ። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ ምን እንደበላ ግን አንጠይቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገብቼ ለውሻ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የኮሶ ትል መድኃኒት ጠየቅኩ። ልጁ ሳቀ። "ለውሻ ነው ያልከኝ ጋሼ?" አለኝ። አልፈረድኩበትም። ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለማ። ለበግ የተደከመውን ያህል አስቡ፤ ላቱ እንዲተልቅ፣ ጸጉሩ እንዲረዝም፣ አዋሲ የሚባል ዝርያ አውራ ከውጭ መጥቶ እንዲዳቀል። ያ ሁሉ የተደከመበት ጠቦት ግን ውሻ የተጸዳዳበትን ሣር ይግጣል።

አንድ ሰው ለብቻው ውሻውን ቢያሽር እንደማይበቃ አውቃለሁ። የጎረቤት ውሻ አጥር አያውቅም። ስለዚህ የምለው በቀበሌ ደረጃ፣ በአንድ ቀን፣ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጋር አብሮ ይሁን ነው። ውሻው ለመርፌ ከተያዘ አይቀር መድኃኒቱንም ይዋጥ። መጠኑን ሐኪሙ በክብደቱ ይወስናል፤ በዓመት ሦስት አራቴ ቢደጋገም ጥሩ ነው። ከዋጠ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይታሰር፣ የወጣው ይቀበር። የመንደር ውሻ በዘመቻ መከተብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በባሌ ተራሮች ለቀይ ቀበሮ ሲባል ለዓመታት ተሠርቶበታል። እኛም እኮ ቀይ ቀበሮ አለን፣ ደላንታ ላይ፣ ቦረና ሳይንት ላይ። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። የሚፈጃቸው አንዱ ከውሻ የሚይዛቸው በሽታ ነው።

ወሎ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ውሻን የሚይዘው በአንድ ዓይነት ነው። ቤት አይገባም፣ ከደጅ ይተኛል፣ የተወረወረለትን ይበላል። ለመንጋ ጥበቃ የሚያዝ ውሻ በእስልምናም የተፈቀደ ነው፤ መንካቱን ግን ሰው አይወድም። ይሄም ይገባኛል። ኪኒኑን ቁራሽ ሥጋ ውስጥ ከቶ መወርወር ይቻላል፣ መንካት አያስፈልግም።

ጭንቅላቱስ? ወይ በደንብ ተቀቅሎ ይሰጠው፣ ወይ በጥልቀት ተቀብሮ ድንጋይ ይጫንበት። በአረፋና በፋሲካ ደግሞ ሳንባና ጉበቱም ይታይ። ውኃ የቋጠረ እብጠት ካለበት እሱም ለውሻ አይወርወር። ያኛው ሌላ ትል ነው፤ እንቁላሉ በውሻ በኩል ሰው ላይም ይመጣል፣ ልጆችን በተለይ።

ባለፈው በዓል እናቴ ጋ ሄጄ የበጉን ጭንቅላት ጓሮ ድስት ጣድኩበት። እማዬ መጥታ ክዳኑን ከፍታ አየች።

"ለማን ነው?"

"ለውሻው።"

ትንሽ ዝም አለች። "አብሽር" አለችና ጨው ልታመጣ ገባች።