የኮቫሌቭስካያ ሥራ የት ሄደ?
ስለ ሩሲያዊቷ የሒሳብ ሊቅ ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ቅር ያለኝ፣ ከአገሯ ለመውጣት ብላ የፈጸመችው የይስሙላ ጋብቻ ያን ያህል ቦታ ይዞ ሥራዋ በሁለት መስመር መታለፉ ነው። ልጅ ሳለች የክፍሏ ግድግዳ ወረቀት ስላልበቃ በአባቷ የድሮ የካልኩለስ ማስታወሻ ተሸፍኖ ነበር፤ እሷም ምኑም ሳይገባት ምልክቶቹ ላይ አፍጥጣ ትውል ነበር። በርሊን ዩኒቨርሲቲ ሴት ናት ብሎ ሲከለክላት ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ቫየርሽትራስ ለአራት ዓመት በግሉ አስተማራት። እ.ኤ.አ. በ1874 ከጀርመኑ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን አገኘች፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት የሚቀጥራት ዩኒቨርሲቲ ጠፋ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በ1888 የፓሪስ ሳይንስ አካዳሚ የሸለማት፣ አንድ ነጥቡ ተይዞ የሚሽከረከር ጠጣር አካል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ባጠናችበት ሥራ ነው፤ ጫፉ አንድ ቦታ ተተክሎ የሚሾር እንዝርት አስቡ። ከእሷ በፊት የሒሳብ ሊቃውንቱ ኦይለርና ላግራንዥ የዚህን ጥያቄ አንድ አንድ ልዩ ሁኔታ ፈትተው ነበር፤ ሦስተኛውን እሷ አገኘች። ዳኞቹ የጸሐፊውን ስም ሳያውቁ መርጠው፣ ሽልማቱን ከ3,000 ወደ 5,000 ፍራንክ ከፍ አደረጉላት። በ1889 ስቶክሆልም ላይ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች፤ በ1891 ገና በ41 ዓመቷ አረፈች። አዘጋጆች፣ እባካችሁ ስለዚህ ሥራዋ ብቻ ሌላ ጽሑፍ አውጡልን።