ውድድር ላይ ናቸው፣ አትረብሿቸው

ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የቆመ ሰው ታላቅ የመኪና ውድድር በነፃ ያያል። ትኬት የለም፣ ወንበር የለም፣ ዳኛም የለም። ቀይ መብራት ላይ አንድ ሱባሩ ቆሟል። ጎኑ ሦስት ልጅ የጫነች ቶዮታ ሲዬና አለች። አረንጓዴ ሲበራ ሱባሩ እየጮኸ ይፈተለካል። ሲዬናዋ ውድድር ውስጥ መግባቷን እንኳ አልሰማችም። ትንሽ እንደሄዱ ሁለቱም የሚቀጥለው ቀይ መብራት ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ውጤቱ አቻ ነው። ሱባሩ ግን ተስፋ አይቆርጥም፤ ከፊቱ ገና ስንት መብራት አለ።

እኔ እንደ ሱባሩው የሚነዱትን ልጆች አደንቃለሁ። ሰው ብዙ ያወራባቸዋል። ረባሽ፣ አየር በካይ፣ ሥራ ፈት ይላቸዋል። ስም ማጥፋት ነው። ልጆቹ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ማስረጃ ከተፈለገ የገዙት ዕቃ ካርቶን ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «ለውድድር ብቻ»። የታተመ ነገር ደግሞ አይዋሽም።

አሠራሩን ላስረዳ። የመኪና ጭስ ማጣሪያን የሚተካ ባዶ ቱቦ ወይም የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያሞኝ ፕሮግራም፣ አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና መሸጥ ክልክል ነው። ስለዚህ ሻጩ «መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና አይደለም» ብሎ ይጽፋል። ገዢው «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የምትለውን ሳጥን ይነካል። ሻጩ አመነ፣ ገዢው ማለ፣ ዕቃው በፖስታ መጣ። እንዲህ ያለ መተማመን ዛሬ በወንድማማቾች መካከል እንኳ የለም። እኛ ዕቁብ ስንጥል ዋስ እንጠራለን እኮ!

በመጀመሪያ የሚወልቀው ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ነው። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በአሜሪካ መኪኖች ሆድ ሥር የገባ ዕቃ ነው። ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት ሴራሚክ ነው፤ ላዩ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቷል። ከሞተሩ የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ተቀብሎ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውሃ እንፋሎትና ናይትሮጅን ይለውጣል። አይጮህም፣ ደሞዝ አይጠይቅም፣ ማንም አያየውም። ጥፋቱም ይኸው ነው። የማይታይና የማይጮህ ዕቃ ለተወዳዳሪ ምን ይሠራለታል?

እዚህ ላይ የአንድ ሀገር ልጅ ቤተሰብ ታሪክ አለ። ጋሼ ፕሪየስ አላቸው፣ ኡበር ይሠሩባታል። አንድ ጠዋት ሲያስነሷት ሰፈሩን በጩኸት አናጋችው። ሌባ ሌሊት ከሥር ገብቶ ካታሊቲኳን በመጋዝ ቆርጦ ወስዷል። ከላይ የጠራኋቸው ብረቶች ውድ ናቸው፣ ሌባም ፕሪየስ ይወዳል። ጋሼ ማስተኪያው ሲነገራቸው ራሳቸውን ያዙ፤ ሥራ ፈተውም ሰነበቱ። እዚያው ፓርኪንግ፣ ሦስት መኪና አለፍ ብሎ፣ የእህታቸው ልጅ ሱባሩ ቆማለች። እሱ ደግሞ ለመካኒክ ከፍሎ ነው ያስወለቀው።

«አንተ ልጅ፣ ሌባው መጀመሪያ ያንተን በር አንኳኩቶ ቢሆን ሁላችንም እንተርፍ ነበር እኮ» አሉት።

«ጋሼ፣ የኔ እኮ ለሬስ ነው።»

«ሬሱ የት ነው?»

«ገና አልተመዘገብኩም።»

ተወዳዳሪዎቻችን ሕግ አያከብሩም የሚል ሰው ካለ ደግሞ የምርመራ ሰሞን ብቅ ይበል። ፌርፋክስ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ አካባቢ መኪና በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ማለፍ አለበት። ለቦሎ ቀን የእሳት ማጥፊያ የሚዋስ ሾፌር ያየን ሰዎች ቀጥሎ የሚሆነውን ለመረዳት አይከብደንም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? የፋብሪካው ማርሚታ ከነካታሊቲኩ ተጠቅልሎ ከተቀመጠበት ብርድ ልብስ ይወጣል። አቧራው ይራገፋል፣ ይገጠማል። ኮምፒውተሩም ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ኮምፒውተር ግን ቶሎ አያምንም። ሁሉን ነገር እንደገና ፈትሾ «ዝግጁ ነኝ» እስኪል ድረስ መኪናው ረጋ ብሎ መነዳት አለበት። እነዚያ ቀናት የተባረኩ ናቸው። ሱባሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያልፍ ሰው ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ይመስለዋል። ከዚያ ምርመራው ያልፋል፣ ወረቀቱ ይሰጣል፣ ማርሚታውም በዚያው ማታ ወደ ብርድ ልብሱ ይገባል።

ያልተደራጁ ደግሞ አይምሰላችሁ። የንጹሕ አየር ሕጉ የ1970 ነው፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ፈረሙበት። በ1990 ሲሻሻል ማጣሪያ የሚያሰናክል ዕቃ መሥራትና መሸጥም ተከለከለ። በ2015 ሐምሌ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ኢፒኤ ስለ ከባድ መኪኖች ባዘጋጀው ረጅም ረቂቅ ውስጥ አንዲት ነገር ጨመረ፦ ለመንገድ ተብሎ የተሠራ መኪና ለውድድር ብቻ ቢውልም ማጣሪያው አይነካም። ረቂቁ ከመርዘሙ የተነሳ ለወራት ያያት የለም። በ2016 መጀመሪያ የመኪና ዕቃ አምራቾችና ነጋዴዎች ማኅበር ሴማ አይቶ ጮኸ። ለዋይት ሃውስ የቀረበው አቤቱታ ወዲያው ከ100,000 በላይ ፊርማ ተጥለቀለቀ። ሚያዝያ ላይ ኤጀንሲው ቃሉን ከረቂቁ አወጣ። ሕጉ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ኤጀንሲውም ሕጉን የሚተረጉምበትን መንገድ አልለወጠም። ቢሆንም ተጨፈረ። የተለወጠ ነገር ባይኖርም ድል ድል ነው።

ጊዜውን ልብ በሉልኝ። ከፊርማው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2015 መስከረም፣ ቮልስዋገን ወደ 482,000 በሚጠጉ የናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ ተንኮለኛ ፕሮግራም መደበቁ ተጋልጦ ነበር። መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጨዋ ይሆናል። መንገድ ሲወጣ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። ኩባንያው በ2017 ጥፋቱን በፍርድ ቤት አምኖ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የወንጀል ቅጣት ተጣለበት። የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያኔ እዚሁ ሄርንደን ነበር፤ ከኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም። ያ ሁሉ መሐንዲስ፣ ያ ሁሉ ምስጢር፣ ያ ሁሉ ጠበቃ! ምነው ወጣ ብለው ጎረቤት ቢጠይቁ? የኛ ልጅ ያንኑ ሥራ ቤቱ በር ላይ፣ በላፕቶፕ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ቪዲዮም ይቀርጽበታል።

በብዛት ከሆነ ግን የናፍጣ ፒካፕ ነጂዎችን የሚያህል የለም። ኤጀንሲው በ2020 ኅዳር ባወጣው ሪፖርት፣ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ550,000 በላይ ፒካፖች ማጣሪያቸው እንደተነቀለ ገምቷል። በአየሩ ላይ ያመጡት ጣጣ ተጨማሪ 9 ሚሊዮን ፒካፕ መንገድ ላይ ከማሰማራት እኩል ነው ብሏል። ግማሽ ሚሊዮን ተወዳዳሪ! የትኛው ኦሊምፒክ ነው ይህን ያህል ያሰለፈው? ከመካከላቸው ጥበበኞቹ ሞተሩ ሊያቃጥል ከሚችለው በላይ ናፍጣ እያጠጡ፣ ጥቁር ጭስ ብስክሌተኛ ላይ ይለቃሉ። ፕሪየስ ካገኙማ አይምሯትም። ምስኪን ጋሼ፣ ካታሊቲካቸውን ሌባ ወሰደው፣ መስኮታቸውን ፒካፕ አጠቆረው። ኒው ጀርሲ ይህን ጥበብ በ2015 በሕግ ከለከለች፤ ምቀኛ አይጠፋም። አዲስ አበባ ላይ ቅጥቅጥ አይሱዙ ያንኑ ጭስ ሲተፋ ባለቤቱ መለዋወጫ መግዣ አጥሮት ነበር። እዚህ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ወረፋ ይዞ ያስደርገዋል። እድገት ብያችኋለሁ።

ስለ ድምፁም ዝም ብል ቅር ይላቸዋል። አንዳንዱ መኪና እግር ከነዳጅ ሲነሳ ጧ! ጧ! ይላል። ብልሽት አይደለም። ኮምፒውተሩ ጥቂት ቤንዚን በጋለው ቱቦ ውስጥ እንዲፈነዳ ታዝዞ ነው። የኛ ሕንፃ ላይ በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ የነበሩ እናት አሉ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ያ ማርሚታ ሲተኩስ ተነስተው መብራት ያጠፋሉ፣ ከመስኮቱ ይርቃሉ። ተወዳዳሪያችን ትዝታ እንዳይደበዝዝ የሚያደርገው ይህ አስተዋጽኦ በማንም አልተመሰገነም፤ ይኸው እኔ አመሰገንኩ። የቨርጂኒያ ፖሊስ ከ2021 እስከ 2022 አጋማሽ ድረስ ለማርሚታ ጩኸት ብቻ ብሎ መኪና ማስቆም አይችልም ነበር። ዛሬም ያን ዘመን የሚናፍቁ አሉ።

ይህን ሁሉ የሚያበላሽ አንድ ሰው አለ። እሱም በእውነት የሚወዳደረው ነው። አሮጌ ማዝዳ ሚያታ አለው። ወንበሮቿን አውጥቶ የብረት ዘንግ በይዶባታል። ታርጋ የላትም። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተጎታች ላይ ጭኖ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ሰሚት ፖይንት ይሄዳል። መመዝገቢያ ይከፍላል፣ የራስ ቁር ያደርጋል፣ መኪናውን ያስፈትሻል። እሑድ ማታ ካምቢዮ ሰብሮ በዝምታ ይመለሳል። ቀይ መብራት ላይ አታገኙትም። ኤጀንሲው ራሱ ትኩረቱ እንዲህ ባሉ መኪኖች ላይ እንዳልሆነ ተናግሯል፤ ሲያሳድድ የኖረው መንገድ ላይ ለሚነዱ መኪኖች ማሰናከያ የሚሠሩና የሚሸጡ ድርጅቶችን ነው። የሰውዬው ስጋት ግን እውነተኛ ነው። አንድ ቀን ሕጉ እንዳለ ይነበብ ቢባል ሚያታውም አትተርፍም። የርሱን መብት በግልጽ ያስከብራል የተባለው ረቂቅ ከ2016 ጀምሮ ለአሜሪካ ምክር ቤት ደጋግሞ ቀርቧል። ፊርማ ሲሰበሰብ እሱ ከፊት ይደረጋል። ከኋላው የሚሰለፈውን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ጠይቄው አላውቅም፤ ሁልጊዜ መኪናው ሥር ነው።

አንድ ቀን ጋሼ አንድ ነገር መጣላቸው። ሰውዬውን ጋራዥ ያውቁታል፤ ስለ እህታቸው ልጅ ነገሩት። ሰውዬውም ደግ ሰው ነው፤ «ቅዳሜ ይዤው ልሂድ፣ እንዲያውም መመዝገቢያውን እኔ እከፍላለሁ» አለ። ጋሼ ደስ ብሏቸው ለልጁ ደወሉለት። ልጁ ትንሽ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ እዚያ እኮ አልሄድም።»

«ለምን? ሬስ አይደል እንዴ የምትለው?»

«እዚያማ ሰዎቹ ይቀድሙኛል።»