ሙቀቱ በቆርቆሮው እየወጣ ሂተር መግዛት ምን ይሉታል?

ደብረ ብርሃን ሲባል ሰው ብርዱን ከሐምሌና ከነሐሴ ጋር ነው የሚያስበው፣ እዚህ የኖረ ግን ያውቀዋል፣ ዋናው ብርድ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ሰማዩ ጥርት ካለ ግን በቃ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነዋ ያለነው!

ታዲያ ሁሉም የሚያወራው ሂተር ስለመግዛት ነው። እስቲ እናስላው፣ 2,000 ዋት የሚበላ ሂተር ማታ ማታ 3 ሰዓት ቢበራ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፣ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር ደግሞ ወደ ውዱ እርከን ትገባለህ። ከሰሉም ቢሆን በጆንያ መግዛት ድሮ ቀረ፣ አሁን በፌስታል ነው። ከሰል ካነሳሁ አይቀር፣ ፍም ሆኗል ጭስ የለውም ብላችሁ በር ዘግታችሁ የምትተኙ ሰዎች እባካችሁ ተዉ፣ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይዱ እኮ ጭስም ሽታም የለውም።

እኔ የምለው፣ ችግሩ ቤቱ ነው። መንዝ ያሉ አያቶቻችን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከላይ የሣር ክዳን፣ ማታ ላያቸው ላይ ባና ጣል አርገው ያድሩ ነበር። እኛ ደግሞ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ስር ተኝተን የገዛ ትንፋሻችን ቆርቆሮው ላይ ውሃ ሆኖ ሌሊት ጠብ ጠብ ይልብናል (የእኔ ትራስ ምስክር ነው)። እዚህ ቤት ውስጥ የምታነደው ነገር ሁሉ ሰማይ ነው የምታሞቀው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮርኒስ፣ ቀጥሎ የበሩ ስር፣ ከዛ በኋላ ነው ሂተር። ኮርኒሱን ማሰራት ያለበት ደግሞ አከራይ ነው እንጂ ነገ ልቀቅ የሚባል ተከራይ አይደለም።

ግን ማን ይሰማል፣ አምና እኔው ማዳበሪያ ሰፍቼ ወጠርኩት፣ በርና ግድግዳው መሀል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ጠቀጠቅኩ፣ ልዩነቱን በመጀመሪያው ሌሊት ነው ያየሁት፣ ትራሴም ደረቀ። ወር ሳይሞላ አከራዬ እትዬ መጡና ቀና ብለው አይተው "ውይ፣ ቤቱ እንዴት አምሮበታል!" አሉ። በሚቀጥለው ወር ኪራይ ጨመሩብኝ።