የሰዓቱ አምስት ደቂቃ ነው ወይስ የአንቺ?

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ልጅ ያለበት ቤት ግን ብቅል አያስፈልግም። አራት ዓመት የሞላው ሰው ይበቃል።

ወላጅ ከወላጅ ሲገናኝ ወሬው ይሄው ነው። "ይሄ ልጅ እኮ የሚያመጣው ነገር!" እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነው። ልጁ ከየትም አላመጣውም፤ እኛው ነን ያቀበልነው። ጥፋት ካለበት፣ ያልነውን የምራችን መስሎት መያዙ ነው።

ያቺን "አምስት ደቂቃ" እንያት። እናት ስልኳ ላይ ናት። ልጅቷ አብራት እንድትጫወት ትጎተጉታታለች።

"እሺ የኔ ቆንጆ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ጠብቂኝ።"

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። "የሰዓቱ አምስት ደቂቃ ነው ወይስ የአንቺ?"

ልብ በሉ፣ ልጅቷ ገና ሰዓት ማንበብ አትችልም። ግን አምስት ደቂቃ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ደርሳበታለች። አንደኛው ግድግዳው ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው እናቷ ስልክ ስታነሳ ይጀምርና ባትሪው ሲዘጋ ያልቃል። የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ያው አምስት ደቂቃ ተኮማትሮ ሁለት ይሆናል። ይሄን ሁሉ ማንም አላስተማራትም። ቁጭ ብላ ታዝባ ነው።

"እናያለን" የምትባለውም አለች። ወላጅ "አይሆንም" ለማለት ጉልበት ሲያጣ የሚጠቀምባት ቃል ናት። አንዱ ብላቴና ይቺን ነገር ደጋግሞ ከሰማ በኋላ አባቱን ምን አለው? "አባዬ፣ እናያለን አትበለኝ። አይሆንም በለኝና ላልቅስ።" ስንትና ስንት ዓመት "ነገ ይምጡ" እየተባለ የተመላለሰ ባለጉዳይ እንኳ እንዲህ አጥርቶ ተናግሮ አያውቅም።

ሲጫወቱ ያየም ጉዱን ያያል። እናትና አባት ሆነው ሲጫወቱ ማለቴ ነው። አባት የሆነው ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ጫማ ጆሮው ላይ ለጥፏል። "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ" ይላል። ከዚያ ጫማውን አውርዶ መተኛቱን ይቀጥላል። አባትህ ምን ይሠራል ብትሉት መልሱ አጭር ነው፦ "ስልክ ያያል።" እናትህስ? "አባዬ ስልክ ሲያይ ታያለች።"

ደግነቱ ሁሉም ነገራቸው ክስ አይደለም። የወላጆቿን የሰርግ ፎቶ ያየችውን ልጅ አስቡ። "እኔ የታለሁ?" ትላለች። ያኔ አልተወለድሽም ይሏታል። ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ "ታዲያ ማን ጋ ጥላችሁኝ ሄዳችሁ?" አሁን ለዚህ ምን ይመለሳል? የሌለችበት ጊዜ ነበር ማለት ለእሷ ትርጉም የለውም። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ (1896–1980) የልጆችን አስተሳሰብ ሲያጠና ኖሯል፤ የራሱን ሦስት ልጆችም ሳይቀር። ልጆችን ስለ ጨረቃ ሲጠይቃቸው፣ እነሱ ሲሄዱ ጨረቃዋም እንደምትከተላቸው ነግረውታል። ጨረቃ የምትከተለው ሰው ሰርግ ሳይጠራ ቢቀር አይከፋውም?

ጥያቄያቸውስ! የሃርቫርዱ ተመራማሪ ፖል ሃሪስ እንደሚገምተው አንድ ልጅ ከ2 እስከ 5 ዓመቱ ባለው ጊዜ 40,000 ገደማ ጥያቄ ይጠይቃል። ያውም ማብራሪያ የሚፈልጉት ብቻ ተቆጥረው። "ደረስን?" የሚለው አልተደመረም ማለት ነው።

ውሸታቸው ደግሞ ከእውነታቸው ይብሳል። ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ይሄን የሚመለከት ጥናት አሳትመዋል። ልጁን ብቻውን ትተው ሊወጡ ሲሉ፣ ከኋላህ ያለውን አሻንጉሊት ዞረህ እንዳታይ ይሉታል። አብዛኛው ያያል። ተመልሰው ሲጠይቁት "አላየሁም" ይላል። "ታዲያ አሻንጉሊቱ ምን የሚሆን ይመስልሃል?" ሲባል ትንንሾቹ አብዛኞቹ ሳያቅማሙ የአሻንጉሊቱን ስም ይጠራሉ። ውሸት ሁለት ደረጃ አለው፤ መዋሸትና የዋሹትን አለመርሳት። ሁለተኛውን የሚማሩት ቆይተው ነው። ከማን እንደሚማሩት አታስጨርሱኝ።

ከሁሉ የማይቻለው ግን ወላጁ ነው። ልጁ አንድ ነገር ተናግሮ ቤቱን አስቆ ከሆነ አለቀ። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "ማሙሽ፣ ቅድም ያልከውን እስቲ ለአክስትህ በላት!" ማሙሽ ጣቱን አፍንጫው ውስጥ ከቶ፣ "ምን?" ይላል። "ያንን እኮ! ስለ ድመቷ ያልከውን!" ማሙሽ ዝም። መጨረሻ ላይ አባትየው ራሱ በልጅ ድምፅ ይተውነዋል። አክስት በጨዋ ደንብ ፈገግ ትላለች። "ያኔ ብትሰሚው ነበር" ይላል አባት፣ ላብ እያጠመቀው። ማሙሽ ይሄኔ አባቱን በሐዘኔታ ያየዋል።

አፋቸውን ለማስያዝ መሞከር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ወዳጄ ገንዘብ ያበደረው ሰው አለ። ሰውዬው "በቅርቡ እመልሳለሁ" ካለ ከርሟል፤ ስለ ዕዳው ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አንድ ቀን ለጥየቃ ሊመጣ ሆነ። ወዳጄ ልጁን ጠርቶ፣ "ዛሬ ጋሼ ሲመጡ ስለ ገንዘቡ ምንም እንዳትል፣ ነውር ነው" ብሎ አስጠነቀቀው። ልጁ ቃሉን ጠበቀ። ምሽቱን ሙሉ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ዓይን ዓይናቸውን ሲያይ አመሸ። እሳቸው ሊሄዱ ሲነሱ አላስቻለውም።

"አባዬ፣ ስለ ገንዘቡ ምንም አላልኩም አይደል?"

"ጎበዝ" አለው አባቱ፣ የሚገባበት ጠፍቶት።

ገንዘቡ በሳምንቱ ገባ። ወዳጄ ሌላም ተበዳሪ አለው። ቅዳሜ ልጁን ይዞ ሊጠይቀው ሊሄድ ነው።