ሸክላ አለ?

ሱቄን በከፈትኩ በሳምንቱ አንዲት እናት ገቡ። ነጠላቸውን አስተካክለው መደርደሪያውን ቃኙ። «ልጄ፣ ጥሩ ምጣድ አለህ?» አሉኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በሩ ላይ በትልቁ «ሸክላ ቤት» ብዬ አስጽፌያለሁ። «እማማ፣ የዘፈን ሸክላ ነው» ብዬ አንዱን አወጣሁላቸው። ገልበጥ አድርገው አዩት። «አዪ ልጄ፣ ከዚህስ እንጀራ አይወጣም» ብለው ሄዱ። ያኔ ስቄ ነበር። የቤት ኪራዩ ሲደርስ ነው የገባኝ።

ሰው አይመጣም ማለት አይደለም። ይመጣል። ልጆቹ ሸክላውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ፎቶ ይነሳሉ፣ «ቫይቡ ደስ ሲል!» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። የዘይት ጣታቸው ግን ሸክላው ላይ ይቀራል። ጠርዙን ያዙ ብል ማን ሰምቶኝ! አንዱማ ፍላሽ አውጥቶ «ብራዘር፣ ይሄን ገልብጥልኝ» አለኝ። ሌላው ዋጋውን ሰምቶ ጮኸ። «ለሁለት ዘፈን?!» አዎ፣ በአንዱ ፊት አንድ፣ በሌላው ፊት አንድ። ትንሿ ሸክላ እንዲህ ናት።

ታሪኩን ብነግረው ይራራ ይሆናል ብዬ ጀመርኩለት። በንጉሡ ዘመን ሸክላ ማሳተም በአዋጅ የተፈቀደው ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ዐምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ግን በ1969 እ.ኤ.አ. አዋጁን ወዲያ ብሎ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አገር አሳትሞ አመጣ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ካሴት መጣ። «ስለዚህ ቅርስ ነው» ብዬ ጨረስኩ። ደንበኛዬ ስልኩ ላይ ያንኑ ዘፈን ከፍቶ እያዳመጠ ነበር። በነፃ።

ሻጮቹ ደግሞ ይብሳሉ። አንድ ጋሼ በጆንያ ተሸክመው መጡ። ሸክላዎቹ በበሬ የታረሱ ይመስላሉ። «ዋሽንግተን ያለው የእህቴ ልጅ አንዱ 500 ዶላር ያወጣል ብሎኛል» አሉ። ፊቱ ያልተቧጨረውን ነው ጋሼ፣ ብላቸውም አልሰሙኝም። ሳገላብጥ ለዓመታት የፈለግኩት ሸክላ ባዶ ሽፋን ወጣ። ልቤ ቆመ። «ውስጡስ?» «እሱማ ቤት አለ፣ የጠላው ጋን ክዳን ነው።» ጋኑም ሸክላ፣ ክዳኑም ሸክላ!

አምጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ገዛሁት። ጌሾ ጌሾ ይሸታል እንጂ ይዘፍናል። ማጫወቻው ላይ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ መብራት ሄደ። ሸክላው መሽከርከሩን ሲያዘገይ ድምፃዊው ቀስ በቀስ ሸመገለ፣ ከዚያ አቃሰተ፣ ከዚያ ዝም።

በማግስቱ አንድ ፈረንጅ መጣ። የእኛን የድሮ ዘፈኖች እኮ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓሪስ በተከታታይ ሲያሳትሟቸው ነው የኖሩት። ሰውዬው ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ ሳይቀር ያውቃል። እኔ ባለሱቁ ራሴን እየነቀነቅኩ «በትክክል» እላለሁ። ያቺን የጋን ክዳን አየና ዶላር ቆጠረ። የሁለት ወር ኪራይ ነው። እጄ ግን ሸክላዋን ከባንኮኒው ሥር ከተታት። «አይሸጥም» አልኩ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። «አንተ ነጋዴ ነህ ወይስ ዘበኛ?» አለችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ሰኞ ዕለት ሾላ ወርጄ ሦስት ጀበናና አንድ ምጣድ ገዛሁ፣ በሩ አጠገብ ደረደርኩ። ጀበናዎቹ እስከ ሐሙስ አለቁ። ዓርብ ጠዋት እኚያ እናት ሲያልፉ ምጣዱን አዩና ገቡ። በጣታቸው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ድምፁን አዳመጡ።

«አሁን ገና ሱቅ ከፈትክ» አሉኝና 50 ብር አስቀነሱኝ።